ስድስቱ የኖባ መልእክተኞች

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ በዓለም ዳርቻ ሁሉ ስላለችው ስለ አንዲቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጸለይ ያውጃል፤ ሕዝቡም ራሱን ዝቅ አድርጎ ምሕረትን ይለምናል። ይህ ጸሎት መልካም ነው፥ ከአባቶችም የተረከቡት ነው። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ምእመን «የዓለም ዳርቻ በተባለ ጊዜ ማንን አሰብህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰውን ያጣል። በአፉ ዓለምን ሁሉ ዞረ፤ በልቡ ግን ከደብሩ ቅጥር አልወጣም።

ይህ ጉድለት ይታረም ብሎ የሚናገር ሰው በተነሣ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። አንደኛው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ካህን አጥቶ ሲዘጋ፥ የቆሎ ተማሪም በረኃብ ምክንያት ትምህርቱን ሲተው፥ በባሕር ማዶ ስላለ ክርስቲያን መጨነቅ ምን ይባላል? ይላሉ። ሁለተኛው መልስ ለዘብ ያለ ነው፤ «የሰው ድርሻ መጸለይ ነው፤ ሠራተኛ መላክ ግን የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ይላሉ። ሁለቱም የመንፈሳዊነት መልክ አላቸው፤ ሲመረመሩ ግን የፊተኛው ስስት፥ የኋለኛው ስንፍና ሆኖ ይገኛል። የእንዲህ ያለው መልስ ፍሬ ምን እንደ ሆነ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጎረቤት የኖባ ታሪክ ይበቃል።

ዛሬ ሱዳን በሚባለው አገርና በግብፅ ደቡብ፥ በዓባይ ወንዝ ግራና ቀኝ፥ ኖባድያ፥ መቍርያና ዓልዋ የሚባሉ ሦስት መንግሥታት ነበሩ። በስድስተኛው መቶ ዓመት ዩልያኖስ፥ ከእርሱም በኋላ ሎንጊኖስ፥ ከቍስጥንጥንያ ተነሥተው ወንጌልን ወደ ኖባድያ አደረሱ፤ ሎንጊኖስም እስከ ዓልዋ ዘለቀ። መቍርያም በዚያው ዘመን አመነች። ከዚያ ወዲያ ወደ 900 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚያ አገር ደወል ተደወለ፥ ሕፃናት ተጠመቁ፥ መጻሕፍት በኖባ ቋንቋ ተጻፉ። የአስዋን ግድብ ውኃ አገሩን ሳያጥለቀልቀው የፖላንድ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. ፋራስ በሚባለው ስፍራ ቢቈፍሩ፥ በአሸዋ የተቀበረ ታላቅ ካቴድራል አገኙ፤ ከግድግዳውም ከ100 የሚበልጡ ሥዕሎች አነሡ። የቅድስት ሐና ሥዕል፥ የመላእክትና የጳጳሳት ሥዕል ቀለሙ ሳይለቅ ወጣ። የጠፋው ሥዕሉ አልነበረም፤ በሥዕሉ ፊት የሚሰግደው ሕዝብ ነው እንጂ።

ይህ ሕዝብ በአንድ ቀን አልጠፋም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1317 ዓ.ም. በዶንጎላ የነበረው የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ። በ1372 ዓ.ም. ጢሞቴዎስ የሚባል ጳጳስ በግብፅ ተሾመ፤ የሹመቱም ደብዳቤ በቀስር ኢብሪም በመቃብሩ ውስጥ ከዐፅሙ ጋር ተገኝቷል። በ1484 ዓ.ም. ደግሞ ዮኤል የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ ገና በዚያ ነበረ። መብራቱ እየደከመ ሄደ እንጂ ድንገት አልጠፋም፤ ዘይት የሚጨምርለት ሰው ቢገኝ ኖሮ ጊዜ ነበረ።

እነሆ፥ ዘይት ለመለመን የመጡ ሰዎችም ነበሩ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ ስድስት የኖባ ሰዎች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥተው የሚያስተምሯቸው ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ለመኑ። ንጉሡም እርሱ ራሱ ጳጳሱን የሚያገኘው ከእስክንድርያ መሆኑን አስታውሶ፥ ሌላው የሚሰጠውን እርሱ እንዴት አድርጎ ለሌላ ይሰጣል? የሚል መልስ ሰጠ። ስድስቱም ሰዎች ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ለንጉሡ የሚከራከር ሰው ምክንያት አያጣም። በኒቅያ ጉባኤ ስም በተጻፈው ሥርዓት መሠረት ኢትዮጵያ ከሊቃውንቷ መካከል ጳጳስ ልትሾም አትችልም ነበር፤ ስለዚህ ጳጳስ ቢለምኑት ኖሮ መልሱ እውነት በሆነ ነበር። ነገር ግን የተለመነው ካህናትንና መነኮሳትን ነው። ያው አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎችን ሲክኑ እንዳየ ጽፏል። ከሁለት ሺህ ካህናት መካከል ለስድስቱ መልእክተኞች ስድስት ቄሶች እንዴት ታጡ? ሕጉ አልከለከለም፤ ካህንም አልጠፋም። የጠፋው የጎረቤትን ቤተ ክርስቲያን ሞት እንደ ራስ ሞት የሚቈጥር ልብ ነው። በዚያን ዘመን በየገዳሙ ጸሎት አልተቋረጠም ነበር፤ የኖባ ሰዎች ግን ከዚያ ሁሉ ጸሎት አንድ ሰው እንኳ ይዘው አልሄዱም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ አንድ የመቄዶንያ ሰው በሌሊት ራእይ ቆሞ ሲለምነው ቢያይ፥ ወዲያው ባሕር ተሻገረ። ወደ ንጉሡ የመጡት ግን ራእይ አልነበሩም፤ በእግራቸው በረሓ ያቋረጡ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ለራእይ የታዘዘውን ሐዋርያ እያመሰገኑ፥ በአካል የመጣውን ለማኝ መመለስ ምን ዓይነት የሐዋርያ ልጅነት ነው?

ከዚህ በኋላ የሆነውንም ታሪክ ይመሰክራል። በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር በሽምብራ ኵሬ ድል ሆነ፤ አድባራትና ገዳማት ተቃጠሉ። ወደ ጎረቤቱ መላክ ያልወደደው ንጉሥ ራሱ ወደ ባሕር ማዶ መልእክተኛ ላከ፤ እርዳታውም እርሱ በደብረ ዳሞ ካረፈ በኋላ በ1533 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ደረሰ። ይህ በዚያ ምክንያት የመጣ ቍጣ ነው ብሎ መፍረድ ለሰው አልተሰጠም። ነገር ግን ዛሬ «የራሷ አሮባት» የሚል ሁሉ ነገ እርሱ ራሱ የባሕር ማዶ ለማኝ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ።

ደግሞም ተረቱን በኢትዮጵያ አፍ መተረት ከሁሉ ይልቅ ያሳፍራል። የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ በአክሱም ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመለመን እስክንድርያ በደረሰ ጊዜ በመንበሩ የተቀመጠው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የአትናቴዎስ ቤት በሰላም ነበረን? የአርዮስ ተከታዮች ያሳድዱት ነበር፤ በዘመኑ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። የገዛ ድስቱ ከማንም ይልቅ አሮ ሳለ «አስቀድሞ የቤቴ ነገር ይለቅልኝ» አላለም፤ ለማኙን ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውም እርሱ ነው። አትናቴዎስ ተረቱን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ተረቱን የሚተርት ካህን አይኖርም ነበር።

«የሰው ድርሻ መጸለይ ብቻ ነው» ለሚሉትም ወንጌል ራሱ ይመልስላቸዋል። በማቴዎስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ መከሩ ሠራተኞች እንዲላኩ ባለቤቱን ለምኑ ይላቸዋል። 10ኛው ምዕራፍ ሲጀመር የሚላኩት እነማን ናቸው? ለምኑ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በጸሎቱና በመላኩ መካከል ያለው ርቀት አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እንጸልያለን እንጂ አንልክም» የሚል ሰው ጸሎቱን እኩሌታው ላይ አቋርጦታል።

የልብነ ድንግል ምክንያት ዛሬ የለም። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ፥ ኢትዮጵያ ሌላው የሚሰጣትን የምትጠብቅ መሆኗ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለማኝ መጥቶ መልስ ያገኘበት ጊዜም አለ፤ የጃማይካ ሰዎች ሲለምኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ካህን ተላከላቸው፥ ብዙዎችም ተጠመቁ። የተላኩት አባት ኋላ አቡነ ይስሐቅ ተብለው በምዕራቡ ዓለም ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ይህ መላክ እንደሚቻል ያስረዳል፤ ነገር ግን ለመመካት አይሆንም። በባሕር ማዶ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናትን እየቈጠሩ ደስ የሚላቸው ሰዎች፥ ብዙዎቹ የተሠሩት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለራሳቸው እንደ ሆነ አይዘንጉ። ልጅን ተከትሎ መሄድ የእናት ወግ ነው፤ ሐዋርያነት ግን ወደ ባዕድ ደጅ መሄድ ነው።

የኖባ አገርም ዛሬ ደግሞ ታንኳኳለች። በሱዳን ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑም ቀዳም ሥዑር ነበረ። የካርቱምና የኦምዱርማን ቅብጦች፥ ከኢትዮጵያም የሄዱ ስደተኞች የትንሣኤን ሌሊት በተኵስ ድምፅ አሳለፉ፤ ብዙዎችም ቤተ ክርስቲያናቸውን ትተው ተበተኑ። በኢትዮጵያ ከተሞች በዚያው ሌሊት ከበሮ ሲመታ፥ በስንቱ ደብር የእነዚህ ሰዎች ስም ተነሣ? የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳር 20 የግብፅ ክርስቲያኖችና አንድ የጋና ሰው በሰማዕትነት መሞታቸው ለዓለም ተሰማ፤ በሚያዝያም ወር 30 ያህል ኢትዮጵያውያን በዚያው አገር እንዲሁ መገደላቸው ታወቀ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታቷን በስንክሳር ጽፋ በየዓመቱ ታስባቸዋለች። ስም የሌለው ጸሎት ፈጥኖ ይረሳል፤ በስም የተጸለየለት ሰው ግን ዘመድ ይሆናል፥ ዘመድም ሲጠራ ዝም አይባልም።

እንግዲህ የሚፈለገው አዲስ ሥርዓት አይደለም። የእያንዳንዱ ደብር አለቃ በባሕር ማዶ ካሉት ማኅበረ ክርስቲያን አንዱን ለይቶ ይያዝ፤ ስሙን፥ ቋንቋውን፥ መከራውን ለምእመናን ያስታውቅ፤ በተወሰነ ቀንም በስሙ ይጸለይለት። በየጉባኤ ቤቱ ካሉት ብርቱ ተማሪዎች አንድ እንኳ ቢሆን ከቅኔውና ከዜማው ጋር ዓረብኛ ወይም ሌላ የባዕድ ቋንቋ ይማር። የተማረውም የከተማ ሰው ለመንገዱ ስንቅ ያዋጣ። ይህ ሁሉ ከቤት የሚጐድል የሚመስለው ለማያምን ብቻ ነው፤ የሰራፕታዋ መበለት ከማድጋዋ ለእንግዳ ብትሰጥ ዱቄቷ አልጐደለም።

የኖባ መልእክተኞች ስድስት ነበሩ፤ ከንጉሡም የለመኑት ወርቅ አልነበረም፥ ጦርም አልነበረም፤ ሕፃን የሚያጠምቅና ሙት የሚፈታ ካህን ነው። አገራቸው ዛሬ የአሸዋ ውስጥ ሥዕል ሆና ቀርታለች። ዛሬ ስለ ባሕር ማዶ ክርስቲያን አፉን ከፍቶ የሚጸልይ ሁሉ፥ ለጸሎቱ መልስ ሆነው የሚመጡትን መልእክተኞች በደጁ ቆመው ባገኛቸው ጊዜ የልብነ ድንግልን መልስ እንዳይመልስላቸው እግዚአብሔር ይርዳው።