የሰሊጥ ማበጠሪያው በምርት ወቅት ሲቆም ማን ይጠግነዋል?

ገንዳ ውኃ፦ የምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች የኢኮኖሚ ምሰሶ ሰሊጥ ነው። የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ አርሶ አደሮችና ባለሀብቶች ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ ሰሊጡን ያጭዳሉ፤ በሂላ አቁመው ያደርቁታል፤ አራግፈውም ወደ መጋዘን ያስገባሉ። በየዓመቱ ስለ ዘር፣ ስለ ጉልበት ሠራተኛ እጥረትና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ይነገራል። ምርቱ ከማሳ ከወጣ በኋላ የሚያልፍባቸውን ማሽኖች በሥራ ላይ ስለሚያቆየው የጥገና ባለሙያ ግን እምብዛም አይነሳም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጥ በናሙና ተመርምሮ፣ ደረጃ ተሰጥቶትና ተመዝኖ በመጋዘን ደረሰኝ የሚሸጥ ምርት ሆኗል። ወደ ውጭ የሚላከው ደግሞ በማበጠሪያ ማሽን ውስጥ ያልፋል። በዘመናዊ ማበጠሪያ ውስጥ አሳንሰሩ ፍሬውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ነፋሱ ገለባውን ይለያል፤ የሚንቀጠቀጠው ወንፊት ጠጠሩንና ባዕድ ነገሩን ያስቀራል። በካሜራ የሚሠራው የቀለም መለያ ደግሞ የጠቆረውን ፍሬ በታመቀ አየር እየመታ ያስወጣዋል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በሞተር፣ በሴንሰርና በመቆጣጠሪያ ፓኔል ትእዛዝ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ያላለቀ ኩሽኔታ ግራሶ ስላላገኘ ብቻ ሊነድ፣ የላላ ቺንጋ ሊበጠስ፣ አቧራ የሸፈነው ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሊሰጥ ይችላል። ጉድለቱ በራሱ የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ሰዓቱ ወደ ቀናት ይለወጣል። የጸጥታ ችግር መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። በዚህ መካከል መኪናው ተራ ይጠብቃል፤ ነጋዴው ግዥውን ያዘገያል፤ የጉልበት ሠራተኛ ሂሳብና ብድር ያለበት አርሶ አደርም ባገኘው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ማሽኑ የነጋዴው ወይም የዩኒየኑ ቢሆንም የመቆሙ ዕዳ ወደ አምራቹ ይወርዳል።

ከቆመ ማሽን ይልቅ የሚያሰጋው ሳይታወቅበት የሚሳሳት ሚዛን ነው። ሚዛኑ አንድ በመቶ ብቻ አሳንሶ ቢመዝን፣ 100 ኩንታል ያስገባ አርሶ አደር አንድ ኩንታል ያጣል። የእርጥበት መለኪያውም ቢሆን ልኩን ከሳተ ደረቁን ሰሊጥ እርጥብ፣ እርጥቡን ደረቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥገና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያ ፍትሕ ጉዳይም ነው።

በዓለም ላይ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የአሜሪካው አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 የመጋዘን ሮቦት አምራቹን ኪቫ ሲስተምስን በ775 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ ሮቦቶቹና ማጓጓዣ ቀበቶዎቹ እንዳይቆሙ የሚጠብቁ ቴክኒሻኖች በየመጋዘኑ አስፈላጊ ሆነዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2009 ዓ.ም ያስመረቀው የካርጎ ተርሚናል በአውቶማቲክ የዕቃ ማንሻና ማከማቻ የሚሠራ ነው። አየር መንገዱ ለአውሮፕላኖቹም ቴክኒሻን ከውጭ እየጠበቀ አልኖረም፤ በራሱ ማሠልጠኛ እያስተማረ ያፈራል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማሽን ሲገዛ ጠጋኙም አብሮ መታሰብ እንዳለበት ነው።

ሙያው ምን ይጠይቃል? መሠረቱ ኤሌክትሪክና መካኒክ ነው፤ በላዩ ላይ ሴንሰርንና መቆጣጠሪያ ፓኔልን ማንበብ ይጨመርበታል። ከሁሉ በላይ ግን ልማድ ይጠይቃል፤ ድምፅን ማዳመጥ፣ ሙቀትን መፈተሽ፣ የተሠራውን በመዝገብ ማስፈር። የደኅንነት ሥርዓትም ግዴታ ነው። ኃይል ሳይቋረጥና ማብሪያው ሳይቆለፍ እጁን ወደ ማሽን የሚሰድ ባለሙያ ጣቱን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የመተማ ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀቱ፣ አቧራውና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቁ ተደምረው ማሽኑን ከአምራቹ መመሪያ ቀድሞ ያስረጁታል። በደጋ ከተማ የተጻፈ የጥገና መርሐ ግብር ለቆላው አይበቃም።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፤ ማበጠሪያው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ባለሙያው ቀሪውን ጊዜ በምን ይተዳደራል? እውነት ነው፣ አንድ መጋዘን ብቻውን አንድ ቴክኒሻን ዓመቱን ሙሉ ሊቀጥር ይከብደዋል። ነገር ግን ዋናው ጥገና የሚሠራው ማሽኑ በሚያርፍበት በክረምት ነው። ከዚያም ውጪ የእህል ወፍጮ፣ የዘይት መጭመቂያ፣ የውኃ ፓምፕና የጄነሬተር ጥገና በየከተማው ይፈለጋል። ዩኒየኖችና የግል ባለመጋዘኖች በጋራ ውል ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎችን ቢይዙ ወጪው ይከፋፈላል፤ ኩሽኔታ፣ ቺንጋና ሴንሰርን የመሳሰሉ መለዋወጫዎችም በአንድ ቦታ ሊከማቹ ይችላሉ።

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው ሰፊውን ድርሻ ለተግባር ይሰጣል፤ ሠልጣኙም በትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅት ይወጣል። የጎደለው መጋዘኑን የሥልጠና ቦታ ማድረግ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማሽኑ ሲፈታ ሠልጣኞች አብረው ቢፈቱት፣ በኅዳር ሲበላሽ የሚያውቀው እጅ በአካባቢው ይገኛል። አዲስ ማሽን የሚገዛ ድርጅትም በውሉ ውስጥ የአካባቢ ባለሙያ ሥልጠናንና የመለዋወጫ አቅርቦትን ሊያስገባ ይገባል።

ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት፤ ጦርነቱ የድንበር ንግዱንም ጎድቶታል። ሥራ የሚፈልጉ የቆላው ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ድንበርና ወደ ስደት ብቻ እንዳያማትሩ ከተፈለገ፣ በደጃቸው ያለው መጋዘን የቀን ሸክም ብቻ ሳይሆን ሙያም ሊሰጣቸው ይገባል። ለዚህ መወሰኛው ጊዜ ደግሞ ምርት ከመድረሱ በፊት፣ ማሽኑ ገና ቆሞ ሳለ ነው።