የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ዋጋ የሚታወቀው ሲወድቅ ነው

በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር ለመግዛት ወደ መደብር የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ዋጋው ስንት ነው? ስንት ደቂቃ ይበራል? ምን ያህል ይርቃል? ሻጩ ለሦስቱም መልስ አያጣም፤ ሁሉም በካርቶኑ ላይ ተጽፈዋልና። በካርቶኑ ላይ የማይጻፈው አራተኛው ጥያቄ ነው። ይኸውም ሲወድቅ ስንት ያስወጣል የሚለው ነው። በጀማሪ እጅ ያለ ሄሊኮፕተር መውደቁ የማይቀር በመሆኑ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ የሚገኘው ከዚሁ ከአራተኛው ጥያቄ መልስ ላይ ነው።

ነጋዴ ይህን ስሌት በሌላ ንብረቱ ላይ ሲሠራው ይውላል። የጭነት መኪና የሚገዛ ባለሀብት ከመኪናው ዋጋ እኩል የጎማውንና የመለዋወጫውን ነገር ያጣራል። ቶዮታ በአዲስ አበባ ገበያ ዋጋውን ይዞ የሚቆየው መለዋወጫው በየሱቁ ስለሚገኝ ጭምር መሆኑን የማያውቅ ደላላ የለም። ያው ሰው ለራሱ መዝናኛ ወይም ለልጁ ስጦታ ሄሊኮፕተር ሲገዛ ግን ስሌቱን ቤቱ ትቶት ይወጣል። ውጤቱም የታወቀ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በመጀመሪያው ቀን፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው ደቂቃ ተሰብሮ ካርቶኑ ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያም ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል።

መውደቁ የማይቀረው ገዢው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ ፋንተም የተባለውን ባለ አራት ሮተር ድሮን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙ ሰው በሪሞት መብረርን የሚያስበው በድሮን ልክ ነው። ድሮን አብራሪው እጁን ከሪሞቱ ሲያነሳ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ኮምፒዩተር ነውና። መደበኛ ሄሊኮፕተር እንደዚያ አይደለም። እጅ ሲነሳለት ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል፣ ያዘነበለበትን አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፣ ቶሎ ካልተመለሰም ይከሰከሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አፍንጫው ወደ አብራሪው ሲዞር ግራና ቀኙ መገልበጡ ነው። ወደ ቀኝ የተገፋ መሪ ዕቃውን በአብራሪው ዓይን ወደ ግራ ይወስደዋል። ጣት ይህን ገልብጦ ማሰብ እስኪለምድ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሄሊኮፕተሩ የሚሰጠው ጊዜ ግን ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም።

በገበያው ላይ ያሉት ዓይነቶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሁለት ሮተር አንዱ ከሌላው በላይ ተገጥመውለት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩለት ነው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ዓለምን ያጥለቀለቀው ሲማ ኤስ 107 የዚህ ወገን ነው። ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በኢንፍራሬድ ይታዘዛል፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ቻርጅ ተደርጎ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበራል። ግድግዳ ቢመታ፣ ወለል ላይ ቢወድቅ ብዙም አይጎዳም። በዚህም የተነሳ ሻጮች «የመለማመጃ» እያሉ ያቀርቡታል። አባባሉ ግን ከግማሽ በላይ እውነት የለውም። ይህ ዕቃ ወደ ጎን መሄድ አይችልም፤ ሚዛኑንም ራሱ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያስተምረው አቅጣጫን መለየት ብቻ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ጥሩ መጫወቻ ነው፤ አብራሪ ለመሆን ለሚፈልግ ሰው ግን በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ሁለተኛው አንድ ዋና ሮተርና አንድ የጅራት ሮተር ያለው፣ ክንፉ በአንድ ማዕዘን የተገጠመ፣ አራት ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ደብሊው ኤል ቶይስ የተባለው አምራች ቪ 911 በሚል ስም ያወጣው ለዚህ ወገን ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ዕቃ እንደ እውነተኛ ሄሊኮፕተር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ስሕተትንም ይቀጣል። ቅጣቱ ግን በሳንቲም ነው። በግራም የሚቆጠር ነገር ሲወድቅ የሚሸከመው ጉልበት አነስተኛ በመሆኑ ከፕላስቲክ ክንፍ ወይም ከትንሽ ዘንግ ያለፈ ነገር አይሰበርም። ጀማሪው መግዛት ያለበት ይህን ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡት አንዳንዶቹ ከፍታቸውን ራሳቸው የሚጠብቁ ናቸው፤ ለማብረር ይቀላሉ፣ ይሁን እንጂ ዋናውን ትምህርት፣ ማለትም ከፍታን በእጅ መቆጣጠርን፣ ከተማሪው ላይ ይቀሙታል። ይህ አሠራር በማብሪያ ማጥፊያ የሚዘጋበት ሞዴል ከተገኘ ይመረጣል።

ሦስተኛው የክንፉ ማዕዘን በየቅጽበቱ የሚለዋወጥለት፣ ተገልብጦ እንኳ የሚበር ነው። ሰውን የሚያማልለው ይህኛው ነው። የታይዋኑ አላይን ኩባንያ ቲ-ሬክስ 450 የሮተሩ ስፋት 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በደቂቃ ከ2,500 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ይህም ማለት የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል ማለት ነው። 450 ደግሞ ከቤተሰቡ ትልቁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በአንድ መናፈሻ ሲያበርረው በነበረ ትልቅ ሄሊኮፕተር ክንፍ ተመትቶ ሕይወቱ አልፏል። ወጣቱ ጀማሪ አልነበረም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ «ሁለት ጊዜ ከመግዛት አንድ ጊዜ ትልቁን ገዝቶ ማረፍ ይሻላል» የሚለው ክርክር በገንዘብ ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው። በፍሪጅና በጄኔሬተር ረገድ ክርክሩ ትክክል ነው። በሄሊኮፕተር ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ትልቁን የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ሲወድቅበት የካርቦን ክንፎቹ፣ ዋናው ዘንግ፣ ክንፎቹን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ፣ ትልቁ ጥርስና የጅራቱ ቱቦ በአንድ ላይ ይሄዳሉ፤ የሰርቮ ሞተሮች ጥርስም አብሮ ይረግፋል። ሦስት ጊዜ የወደቀ 450 ትንሹን ሄሊኮፕተር ደጋግሞ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ በልቷል። ስለዚህ ትንሹን መግዛት ሁለት ጊዜ መግዛት አይደለም፤ የትልቁን ውድቀት በቅናሽ ዋጋ አስቀድሞ መክፈል ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን የት ያውል ቢባል መልሱ ሪሞት ላይ ነው። ሄሊኮፕተር አላቂ ዕቃ ነው፤ ጥሩ ሪሞት ግን ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ቋሚ ንብረት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ስፔክትረም፣ ፉታባና ፍላይስካይ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሬዲዮ ቋንቋ ስላላቸው የአንዱ ሪሞት የሌላውን ሄሊኮፕተር አያዝዝም። እንደ ሬዲዮማስተር ያሉ አምራቾች ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሪሞት ማቅረባቸው ለጀማሪው ትልቅ እፎይታ ነው። በተጨማሪ ሪሞቶች ሞድ 1 እና ሞድ 2 እየተባሉ ይከፈላሉ። በሞድ 2 የከፍታው መሪ በግራ እጅ ነው፤ በሞድ 1 በቀኝ። በአንዱ የለመደ እጅ ወደ ሌላው ለመዞር እንደ አዲስ መማር አለበትና ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ይህቺን አንዲት ቁጥር ሳያረጋግጥ ገንዘብ መላክ የለበትም።

ሪሞቱ ሌላም አገልግሎት አለው። ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ሪልፍላይትን በመሰለ የማብረር መለማመጃ ፕሮግራም ላይ ይሠራል። በዚያ ላይ አንድ መቶ ጊዜ መውደቅ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከበጀቱ ሲሶ በላይ ለሄሊኮፕተሩ ማዋል ስሕተት ነው፤ ቀሪው ለሪሞቱ፣ ለመለማመጃው፣ ለባትሪና ለቻርጀር፣ እንዲሁም በመጀመሪያው ቀን አብሮ ለሚገዛ መለዋወጫ መሆን አለበት።

መለዋወጫ ሲባል የአምራቹ ዕድሜም አብሮ ይነሳል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ይሠራ የነበረው ሆቢኮ ሄሊ-ማክስ በሚል ስም ትንንሽ ሄሊኮፕተሮችን ይሸጥ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ፤ አብዛኛውን ንብረቱንም በዚያው ዓመት ተፎካካሪው ሆራይዘን ሆቢ ገዛው። ደህና የሚበር ሄሊኮፕተር የያዙ ሰዎችም ክንፍና ጥርስ ፍለጋ ወደ ቀሪ ክምችት ዞሩ። በአንጻሩ ቲ-ሬክስ 450 በሌሎች አምራቾች ብዙ ተመስሎ በመሠራቱ ክፍሎቹ በርካሽ ይገኛሉ። የአምራቹን ጥቅም የጎዳው መመሳሰል ለገዢው መድን ሆነ ማለት ነው። ጀማሪው ትንሹን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሄሊኮፕተር ሲሻገር ይህን ነጥብ ማስታወስ ይጠቅመዋል።

ለአዲስ አበባ ገዢ መለዋወጫ የዶላር ጉዳይም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ያን ጊዜ ሄሊኮፕተሩን ከነመለዋወጫው ገዝቶ የነበረ ሰው አልተነካም፤ ክንፍ በክንፍ እየገዛ እቀጥላለሁ ያለው ግን ወጪው በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋበት።

ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጆሮውን ያንቃ። ሻጩ «አንዴ ብቻ ነው የበረረው» ሲል ቃሉ ፍጹም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በርሮ ወድቋልና። ሮተሩን በእጅ አዙሮ ዘንጉ መንቀጥቀጡን፣ ኩሽኔታው መፋጨቱን፣ ባትሪው መነፋቱን ማየት ያስፈልጋል። የተነፋ ባትሪ ለዋጋ ቅናሽ መደራደሪያ አይደለም፤ የሚጣል ነገር ነው።

ባትሪው የራሱ ምዕራፍ ያለው ነገር ነው። ሊፖ የሚባለው ዓይነት አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ 3.8 ቮልት ገደማ ላይ መሆን አለበት። ያለ ተገቢ ቻርጀር ወይም ያለ ጠባቂ ቻርጅ ከተደረገ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ብቻቸውን የሚላኩ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ እንዳይጫኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል። መንገደኛም ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣው ይዞ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ከትቶ መሄድ አይችልም። በመሆኑም ከመለዋወጫዎች ሁሉ ለማስመጣት አስቸጋሪው ቶሎ የሚያልቀው ባትሪ ሆኖ ይገኛል። ሦስት አራት ባትሪ ከሄሊኮፕተሩ ጋር አብሮ ያልገዛ ሰው ሄሊኮፕተሩን ግማሽ ብቻ ነው የገዛው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ካርቶኑ ሊናገረው የማይችለው ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያንኑ ክብደት ለማንሳት ሮተሩ 12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ ባትሪውም በዚያው መጠን ቶሎ ያልቃል። ክንፉ በአንድ ማዕዘን የተገጠመ ትንሽ ሄሊኮፕተር የሞተሩን ጉልበት አሟጦ ይነሳል፤ ያረጀ ባትሪ ከያዘ ጭራሹን ላይነሳ ይችላል። ዱባይ ላይ ስምንት ደቂቃ ሲበር የታየ ዕቃ ቦሌ ላይ ከዚያ ቢያንስ ሻጩን ዋሾ ማለት አይገባም። ነፋስም ስላለ የመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሰው በሌለበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል።

የፈቃዱ ጉዳይ ግን ከዋጋውም በፊት መነሳት ያለበት ነው። ድሮን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ይዞ የገባ ሰው ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል። ፈቃዱ የሚጠየቀውም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ካሜራ የሌለው የ40 ግራም ሄሊኮፕተር ከድሮን ይመደባል ወይስ ከመጫወቻ የሚለውን ክርክር በቦሌ ፍተሻ ፊት ቆሞ መጀመር አያዋጣም። ጥያቄው ከግዢው በፊት ከነሞዴሉ ስምና ፎቶግራፍ ለሚመለከተው ክፍል ቀርቦ መልሱ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ካሜራ የተገጠመለትን ሞዴል ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ መሰረዝ ነው።