የከበሮ ምት ለሕሙማን እግር

ምት ያለው ድምፅ ወደ ጆሮ በገባ ጊዜ፣ ሰሚው እጅና እግሩን ሰብስቦ ጸጥ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ፣ ድምፅን ከሚቀበለው የአንጎል ክፍል ጋራ እንቅስቃሴን የሚያሰናዱትና የሚያዝዙት ክፍሎች፣ ይልቁንም በአንጎል ጥልቅ ስፍራ የሚገኙትና ሊቃውንት ቤዛል ጋንግሊያ የሚሏቸው፣ አብረው ለሥራ እንደሚነቁ የዘመናችን ምርምር ገልጧል። አንጎልም ያለፈውን ምት ብቻ እየተከተለ አይሄድም፤ የሚመጣውን አስቀድሞ ይጠብቃል እንጂ። ኢሽትቫን ቪንክለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ተኝተው ሳሉ የከበሮ ድምፅ ቢያሰሟቸው፣ ዋናው ምት ከስፍራው በጎደለ ጊዜ የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጦ ታይቷል። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ምትን መጠበቅ ከቻለ፣ ይህ ጸጋ ከሰው ባሕርይ ጋራ ምን ያህል የተዋሐደ እንደ ሆነ ማስተዋል አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል የከበረ ዕውቀት ለአእምሮ ደስታ ብቻ ሊቀር አይገባውም። የፓርኪንሰን ሕመም የሚያውከው እነዚያኑ የቤዛል ጋንግሊያ ክፍሎች ስለ ሆነ፣ የሕመምተኛው እርምጃ ያጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም መራመድ እየፈለገ ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እንደ ገለጡት፣ ለ3 ሳምንት ምት እየሰሙ መራመድን የተለማመዱ ሕሙማን ፍጥነታቸውም የእርምጃቸው ርዝመትም ጨምሯል፤ በውስጥ የደከመውን የጊዜ መለኪያ ከውጭ የመጣው ድምፅ ደግፎታልና።

ይህ ልምምድ መድኃኒትን አይተካም፤ ዋጋው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከበሮ ወይም ጭብጨባ፣ ለሕመምተኛው አረማመድ የሚስማማውን ፍጥነት የሚወስን ሐኪም፣ እንዳይወድቅም የሚጠብቀው ሰው ይበቃዋል። እንግዲህ በሆስፒታሎቻችን ሥርዐት ሆኖ ሊገባ ይገባል እላለሁ። ከበሮ የቤተ ክርስቲያን የማኅሌት ንዋይ ነውና ለሕክምና ማዋሉ ክብሩን ይነካል የሚል ቢኖር፣ ንዋየ ቅድሳቱ በመቅደሱ ይኑር፤ ከማኅሌቱ ሊቃውንት የምንሻው ዕውቀታቸውን ነው። አቋቋም የሚባለው የማኅሌት ሥርዐት መምህራን ድምፅንና የሰውነትን እንቅስቃሴ ሳይለያዩ፣ ከዝማሜ እስከ ወረብ፣ በየደረጃው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጎንደር በአንድ ወገን የአቋቋም ምስክር የሚሰጥባት በአታ ለማርያም፣ በሌላው ወገን በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የሕክምና ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ መሪጌታውና ሐኪሙ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ሕሙማን እንዲመክሩ ከዚያች ከተማ ይልቅ የተመቸ ስፍራ አይገኝምና፣ ምክሩ ከዚያ ይጀመር።