ለማንም ሳይሆን የተከፈተ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን ሕፃናትን ያደነዝዛል ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ማስረጃው ግን በጅምላ አይፈርድም። ጄንትዝኮውና ሻፒሮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካ ከተሞች በተለያየ ዓመት መግባቱን ተመርኩዘው በ1965 የተፈተኑ ተማሪዎችን ውጤት አነጻጸሩ። በሕፃንነት ቴሌቪዥን ማየት ውጤት ዝቅ እንዳደረገ አላገኙም። እንዲያውም ይበልጥ የተጠቀሙት በቤታቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገርና እናቶቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ነበሩ። ይህ እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ላሉ የጉራጌ ከተሞች ትልቅ ነገር ነው፤ በቤቱ ቸሃ፣ መስቃን ወይም ክስታኔ እየሰማ ያደገን ልጅ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው በአማርኛ ነውና።

ሆኖም ዕድሜ ይለያል። ዚመርማንና ክሪስታኪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ብዙ ያዩ ልጆች በኋላ በንባብ ዝቅ ብለው ታይተዋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ያዩት ግን ፊደልና ቃል በመለየት በመጠኑ ሻል ብለዋል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። ቢሆንም ሕፃን ከስክሪን ይልቅ ፊት ለፊት ከሚያናግረው ሰው በቀላሉ እንደሚማር በሌሎች ሙከራዎችም ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል።

እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውለው ቴሌቪዥን ነው። ቃና የተባለው ጣቢያ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ያስለመደን የውጭ ድራማም በአማርኛ ስለሆነ ልጁ ቋንቋ ይማርበታል የሚል ይኖራል። በድራማው ያለው የአዋቂዎች ጭቅጭቅ ግን ልጁን አይጠይቀውም፣ መልሱንም አይጠብቅም። ይባስ ብሎ፣ ቴሌቪዥን ከጀርባ ሲጮህ ወላጆች ለልጃቸው የሚናገሩት እንደሚቀንስ ተመራማሪዋ ኪርኮሪያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይተዋል። ብሩክታዊት ጥጋቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት የተሠራው ግን ለልጁ ነው፤ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ በሕፃን ልክ ትናገራለች፣ ትጠይቃለችም።

ሱቅ ጠብቃ፣ ወጥ ሠርታ፣ ልጅም የምታሳድግ እናት ቴሌቪዥኑን ዝጊ ስትባል ማን ልጁን ይያዝላት? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ መጫንም ግፍ ነው። ስለዚህ ሸክሙን መካፈል ያለባቸው ጣቢያዎቹ ናቸው፦ እሷ ሥራ በሚበዛባት ሰዓት፣ በየቀኑ ሳይዛነፍ፣ በአማርኛም በጉራጌ ቋንቋዎችም ለልጆች የተሠራ ዝግጅት ያቅርቡ። ያ ሰዓት ከታወቀ እሷም ቀሪውን ለመዝጋት አትቸገርም።