ጨርቅ አይቀባም

በዚህ ሳምንት አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ስለ ባህል ልብስ ሲያወራ አቅራቢዋ «ቀለም የተቀባ ነጠላ» እያለች ደጋግማ ጆሮዬን አቆሰለችው። የዚህ ዓምድ ደንበኞች በ«ቀባ» ላይ ያለኝን አቋም ታውቃላችሁ። ግድግዳ ይቀባል፤ ጥፍር ይቀባል፤ ቅቤ አናት ላይ ይቀባል። ጨርቅ ግን ይነከራል።

«ቋንቋ ያድጋል» የሚሉኝ አሉ። ይደግ! ሁለት ቃል የነበረን ሰዎች አንድ ብቻ ሲቀረን ያደገው ምኑ ነው?

ቡታጅራ ገበያ ከበርሜሉ አጠገብ የሚቆመውን ነካሪ ሄዳችሁ እዩት። ውሃው ሲንተከተክ ዱቄት ቀለሙን ይበጠብጣል፣ ጨው ይጨምራል፣ ያረጠበውን ልብስ ከትቶ በእንጨት ያገላብጣል። ቆሜ ሳየው አንዲት እናት ነጭ ቀሚስ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይህቺን ጥቁር ንከርልኝ።»

«ጥጥ ናት እማማ?» አለና ጠርዙን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ጥጥ ከሆነች ትጠጣለች። ፖሊስተር ከሆነች ትተፋዋለች።»

ትጠጣለች! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ቀለሙን ወደ ውስጡ ይስበዋል። ፖሊስተር ግን ለጥጥ የተሠራውን ቀለም በጄ አይልም። ዛሬ ልብስ የሚሰፋበት ክር ደግሞ በአብዛኛው ፖሊስተር ስለሆነ ቀሚሱ ጠቁሮ ሲወጣ ስፌቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ቀለሙ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ክሩም ጨርቁም አንድ ላይ በጠቆሩ ነበር።

የመንከርን ነገር እንሶስላም ይመሰክርልኛል፤ የዚህ ተክል ሳይንሳዊ ስም ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ነው። ሁለተኛው ቃል የመጣው ከላቲኑ «ቲንጌሬ» ሲሆን ፍቺውም ማራስ፣ መንከር፣ ቀለም ማስያዝ ነው። የሮም ሰዎችም እንደኛ ነክረዋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለእንሶስላ ራሱን የቻለ ግስ ሰጥተነዋል። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይደረጋል፣ ተጠቅልሎ ይታደራል፤ ሴቶቻችንም «እንሶስላ ሞቅሁ» ይላሉ። ዓይን ይኳላል፣ እንሶስላ ይሞቃል፣ ጨርቅ ይነከራል። ይህን ሁሉ ሀብት በ«ቀባ» የምናጠፋበት ምክንያት አይታየኝም። «አቀለመ» ይሻላል ለምትሉ፣ ለመጽሐፍ ይሁን፤ ገበያ ላይ ግን «አቅልምልኝ» ብሎ ልብስ የሚሰጥ ሰው አልሰማሁም።

ወደ ቡታጅራዋ ነጭ ቀሚስ ልመለስ፤ ለሐዘን ነበረች። እማማ ወንድማቸው ሞቶባቸው ከል ሊለብሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ከሬዲዮዋ ሴት ተነሥቶ እሳቸው ላይ ቀረ። የተነከረ ጥቁር ወደ ነጭ አይመለስም። አንዲት ነጭ ቀሚስ ብቻ ያላት ሴት እሷኑ ካስነከረች ከሉ ሲወልቅ የምትለብሰው የላትም። መስቀል ሲደርስ፣ ልጆቿ ከመርካቶ ሲመጡ፣ ክትፎው ሲቀርብ በምን ትውጣ? ያለው ሰው ከሱቅ ጥቁር ገዝቶ ይለብሳል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ አጥፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ነጩም በቦታው ይጠብቀዋል። የሌላት ግን ሐዘኗን የምትከፍለው በበዓል ልብሷ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነጩን ስፌት አይተው «አሮጌዋን አስነክራ ነው» ብለው የሚንሾካሾኩ አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በጣም አሳፍሮኛል። ያቺ ሴት ያላትን ነው የሰጠችው!

ዕድሮቻችን ድንኳን አላቸው፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው፣ ጎላ ድስት አላቸው። ከድስቱ ጎን ጥቂት ጥቁር ነጠላና ቀሚስ ገዝቶ ማስቀመጥ ምን ያቅታል? ሐዘንተኛዋ ወስዳ ትለብሳለች፣ ሐዘኗን ስትጨርስ አጥባ ትመልሳለች። «የሰው ሐዘን ያረፈበትን ልብስ ማን ይለብሳል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የድንኳኑስ ሸራ የስንቱ ሐዘን አርፎበታል? በሚቀጥለው የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ ይህንኑ አነሣለሁ፤ የመጀመሪያዋን ጥቁር ነጠላም እኔው ገዝቼ እሄዳለሁ።