ዋርካና ባልንጀራ

እርጅና ከሰው የሚወስደው ጉልበትና ዓይን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትንም አንድ በአንድ ይወስድበታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሰባ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ሁለት ዓይነት ሐዘን አለበት። አንዱን አገር ያውቅለታል፤ ባልንጀራው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ያስተዛዝነዋል፣ ዐርባው ይወጣል። ሁለተኛውን ግን ማንም አይቆጥርለትም። ከዚያ ባልንጀራ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠበት ዋርካ ሲቆረጥ «እግዜር ያጥናዎ» የሚለው የለም።

በእኔ እምነት ሁለቱ ሐዘኖች አንድ ናቸው። በአገራችን ወዳጅነት ከቤት ይልቅ በዛፍ ጥላ ሥር ያደገ ነውና። ከብት ሲያግዱ በአንድ ጥላ የተዋወቁ ልጆች፣ ጎልምሰው በዚያው ጥላ ዕድራቸውን ይመክራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ከገበያ መልስ ያርፋሉ። ድጓ በሚመሰከርበት በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥእት በሚመሰከርበት በዙር አምባ የተገናኙ የቆሎ ተማሪዎችም ቃለ እግዚአብሔርን ያጠኑበትን ጥላ ከጓደኛቸው ስም ለይተው አያስታውሱትም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። መፈረም የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ሲያትም ምስክር እንጠይቃለን። ለኖረው ዕድሜም ሰው ምስክር ያስፈልገዋል። አዲስ ወዳጅ በሰባ ዓመትም ይገኛል፤ የልጅነት ቅጽል ስምህን የሚያውቅ ወዳጅ ግን ዳግመኛ አይፈጠርም። የአሮጌ ዛፍም ነገር እንዲሁ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሮናል። መትከልን አልነቅፍም፤ ችግኝ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ደግ ሥራ ነው። ግን ለዛሬው አዛውንት ጥላ አይሆነውም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ለገበሬው ቤት ሠርቶለታል፣ ልጁንም አስተምሮለታል። ሆኖም ባሕር ዛፍ የሚተከለው ሊቆረጥ ነው፤ ሥሩ ተቀምጦ ሽማግሌ ሊያወጋበት አይደለም።

ታዲያ አሮጌው ዛፍ የት ቀረ? ብዙዎቻችን በ«እመጓ» ደራሲነቱ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪም ነው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ተዘዋውሮ አጥንቶ በደኖቻቸው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ቅጥሩ ደግሞ መቃብርም ነው። ስለዚህ አዛውንቱ የቀረውን ዛፍ ፍለጋ ሲሄድ የሄዱትን ወዳጆቹን ያገኛቸዋል። ይህ ያጽናናል፤ ከደጀ ሰላም ውጭ ላለነው ለእኛ ግን ወቀሳ ነው። ካህናቱ በገዝት ያቆዩትን እኛ በመንደራችን አንድ ዋርካ እንኳ ማቆየት እንዴት አቃተን?

የምለው ቀላል ነው። ዕድር የአባላት መዝገብ አለው፤ ዕድርተኛው የሚሰበሰብበት ዛፍም በዚያው መዝገብ ይግባ። መንገድ ሲሰፋ፣ ቦታ ሲሸነሸን፣ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት የሰፈሩ አዛውንቶች ይጠየቁ። ዛፉ የግድ መውደቅ ካለበትም አብረውት ያረጁት ሰዎች ተሰብስበው ይሰናበቱት።

አንባቢ ሆይ፣ አባትህ በመንደሩ ዋርካ መቆረጥ አዝኖ ብታየው «ዛፍ ነው እኮ» አትበለው። የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ጠይቀው።

ወዳጄ ቢሄድም፣ ጥላው ቀርቶ ነበር፤
ሥሩ ተቀምጬ፣ ስለሱ ልናገር።
ዛሬ ዋርካው ወድቆ፣ ሜዳ ሆኖ ባየው፣
ሞት ወዳጄን ከኔ፣ ገና ዛሬ ለየው።