ለእንቅርት ሦስተኛ ምርጫ

መቼም እንቅርትን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ችግር ሲደራረብብን እንኳ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ከወልዲያ ተነስታችሁ በመርሳ በኩል ወደ ሀብሩ ገጠር ዝለቁ፤ አንገታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናቶች ታያላችሁ። የአንዳንዶቹ የአንገት ንቅሳትም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎ የተነቀሰም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ለእነዚህ ሴቶች የምናቀርበው ምርጫ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ችሎ መኖር ወይም ቀዶ ጥገና። ቀዶ ጥገና ብዙዎችን አድኗል፤ ነገር ግን ጠባሳ ይተዋል። ዕጢው በሙሉ ከወጣ ደግሞ ዕድሜ ልክ ክኒን መዋጥ ግድ ነው። ለገጠር ሴት የዕድሜ ልክ ክኒን ማለት የዕድሜ ልክ መንገድ ማለት ነው።

ሦስተኛ ምርጫ አለ። ኮሪያውያን ሐኪሞች ከ2000ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት ዘዴ ነው። በአልትራሳውንድ እያዩ ቀጭን መርፌ እባጩ ውስጥ ያስገቡና በጫፉ ሙቀት ከውስጥ ያቃጥሉታል። የሚደነዝዘው አንገት ብቻ ነው፤ ታካሚው በአብዛኛው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እባጩም በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ውሃ ለቋጠረው እባጭ ደግሞ የአልኮል መርፌ ሊበቃ ይችላል።

ለሁሉም ይሆናል ማለቴ አይደለም። አስቀድሞ በመርፌ ናሙና ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ደረት ውስጥ የገባ ትልቅ እንቅርት አሁንም ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። የድምፅ ነርቭ አጠገብ ስለሚሠራም የሠለጠነ እጅ ግድ ነው።

እንግዲያስ እጅ እናሠልጥን! ሕክምናው ትልቅ ቀዶ ጥገና ክፍል አይጠይቅም። ገንዘብ ላለው ብቻ የሚሆን ቅንጦት ሆኖ ከሚቀር የወልዲያና የደሴ ሐኪሞች ቢማሩት ምን አለበት?

መርፌው ግን ያበጠውን እንጂ መንስኤውን አያክምም። አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣልን ነበር፤ የ1998ቱ ጦርነት መንገዱን ዘጋው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ሀብሩ የጨው አገር ከሆነው አፋር ጋር ጎረቤት ሆና በአዮዲን እጦት አንገቷ ሲያብጥ ማየት አያሳፍርም?

ስለዚህ ባለሱቁን «አዮዲን አለው?» በሉት። ጨዉን ከድናችሁ አስቀምጡ፣ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ሆስፒታሉን ደግሞ ስለ መርፌው ጠይቁ። ጠያቂ ከሌለ ማን ያመጣዋል?